ሊቀ ሾላኪዎች ማዕረግ

ሰው ሆኖ ከድግስ ሹልክ ብሎ የማያውቅ የለም፤ ግን አብዛኞቻችን ጀማሪዎች ነን። ሆዴን ቆረጠኝ እንላለን፣ ከብት ጠፍቶብኛል እንላለን፣ በር ላይ እጅ ከፍንጅ ተይዘን አንገታችንን ደፍተን እንመለሳለን። የለየለት ሹልክ ባይ ግን ለአንድ ከተማ አንድ ብቻ ነው የሚሰጠው። ሌላው ከተማ የራሱን ይወልዳል፤ ሰቆጣ ግን ከጎጃም በምደባ ነው የደረሳት።

ሰቆጣ ደግሞ ለሹልክ ባይ የምትመች ከተማ አይደለችም። እዚያ ከሰው ቤት መውጣት ራሱን የቻለ ሥራ ነው። እንግዳው «በሉ እንግዲህ» ብሎ ሲነሣ ባለቤቱ «በሞቴ!» ይላል። እንግዳው ይቀመጣል፣ ጠላ ይጨመርለታል። እንደገና ሲነሣ እመቤቲቱ ከጓዳ ብቅ ትልና «ምነው፣ ቤቴ ከፋህ?» ትላለች። ይቀመጣል። በመጨረሻ ሽማግሌ ይመርቃል፤ ምርቃቱ ዘመድ አዝማዱን፣ ከብቱን፣ ዝናቡን ካዳረሰ በኋላ ባለቤቱ እስከ በር፣ ከበር እስከ አጥር፣ ከአጥር እስከ ዋናው መንገድ ይሸኛል። ቀኑን ሙሉ ሳይነሣ የቆየው ዋናው ወሬ የሚወራውም እዚያ መንገድ ላይ ቆመው ነው። በዚህ አገር ሳይሸኙ መሄድ ነውር ብቻ ሳይሆን ከነጭራሹ እንደ መሄድም አይቆጠርም።

መምህር ማዕረግ በ1988 ዓ.ም. ከእንግሊዝኛ መጻሕፍቱና ከሁለት ኮቶቹ ጋር ከእህል ጫኝ አይሱዙ ላይ ሲወርድ፣ ርእሰ መምህሩ ይስማው በደስታ ሊያለቅስ ምንም አልቀረው። ከማዕረግ በፊት የተመደቡት የእንግሊዝኛ መምህር ከመኪናው ሳይወርዱ «ከተማው የት ነው?» ብለው ጠይቀው፣ «ይኸው» ሲባሉ በዚያው መኪና ተመልሰዋል። ዓመቱን ሙሉ እንግሊዝኛ ያስተማረው ራሱ ይስማው ነበር፤ እሱ ደግሞ የጂኦግራፊ ሰው ነው። የዚያ ዓመት ተማሪዎች ስለ ወንዝና ስለ ተራራ ካልሆነ በቀር በእንግሊዝኛ አንዲት ቃል መተንፈስ አይችሉም ነበር።

እናም ለአዲሱ መምህር ፍየል ታረደ። ጥብሱ ምድጃው ላይ ሲንጫጫ ማዕረግ «መጣሁ» ብሎ ተነሣ። ኮቱ ወንበሩ ላይ ተንጠልጥሏልና ማንም አልጠረጠረም። ጥብሱ ቀረበ፣ ቀዘቀዘ፣ ማዕረግ የውሃ ሽታ ሆነ። ይስማው ክው አለ። «ጉድ እኮ ነው! ይኸኛውም ሄደ!» ብሎ ነጠላውን እየጎተተ አይሱዙው ወደቆመበት ሮጠ። መኪናው አለ፣ ሹፌሩ ከሥሩ ተኝቷል፣ መምህሩ የለም።

በማግስቱ ጠዋት ሰንደቅ ዓላማ ሲሰቀል ማዕረግ ከሰልፉ ፊት ቆሞ ተገኘ፤ ታጥቦ፣ ተላጭቶ፣ ሁለተኛውን ኮት ለብሶ።

«እንደምን አደሩ ጋሽ ይስማው? ትናንት እኮ ሳልሰናበትዎ...»

«አዎን፣ ሳትሰናበተኝ!»

«ግሩም ጥብስ ነበር» አለ ማዕረግ፤ «ሽታው።»

ይስማው ለመደንገጥ የተፈጠረ ሰው ነው። ሌላው አንዴ ደንግጦ የሚለምደውን ነገር እሱ በየጊዜው እንደ አዲስ ይደነግጥበታል። ተወልዶ ያደገው እዚያው ሰቆጣ ዙሪያ፣ ለእንግዳ አልጋ ለቆ መሬት ከሚተኛ ቤተሰብ ነው፤ እንግዳ ሳይመረቅ ሲወጣ ማየት ለእሱ ቤት ሲቃጠል እንደማየት ነበር። እሱና ማዕረግ በአንድ ትምህርት ቤት መገናኘታቸው መቼም የእግዚአብሔር ሥራ ነው።

ከተማው ውሎ አድሮ የኮቱን ነገር ደረሰበት። ማዕረግ አንዱን ኮት ይለብሳል፣ አንዱን ይተዋል። የሚተወው ክርኑ የተጣፈ፣ ቁልፍ የሌለው ቡናማ ነገር ነው፤ ሥራውም ወንበር ላይ ተንጠልጥሎ «ባለቤቴ ይመለሳል» ብሎ መዋሸት ነው። ሰዎች ነቅተው ኮቱን ሲይዙበት ቆቡን መተው ጀመረ። ቆቡን ሲያውቁበት በግማሽ የተጠጣ ብርጭቆ ተወ። የወላጅ ኮሚቴው ሊቀ መንበር አያ ወልደ ኢየሱስ፣ አማርኛን ከአገሩ ቋንቋ ከኽምጣኛ ቀጥለው ስለለመዱት ቃል አያባክኑም፤ አንድ ቀን ባዶውን ወንበር አዩና «ይህ ሰው ሲሄድ ጥላውንም አያስከትል» አሉ። ወዲያውም «ሊቀ ሾላኪዎች» ብለው ሾሙት። ሹመቱን ሊነግሩት ዞር ቢሉ አልነበረም።

ከሁሉ የከፋው የግምገማው ቀን ነው። በዚያን ጊዜ ግምገማ ማለት ከጠዋት እስከ ማታ ተቀምጦ ሰውን እንደ ጥጥ ማበጠር ነው። የዚያን ቀን ተረኛው ማዕረግ ነበር፤ ጥፋቱም «ከማኅበራዊ ጉዳይ ሹልክ ማለት ያበዛል» የሚል። ሰብሳቢው ቁጣ የማይቸግራቸው ሰው ናቸው። አጀንዳ ተነበበ፣ ምስክር ተሰማ፣ ሂሱ እንደ ክረምት ወረደ። ሰብሳቢው በመጨረሻ መነጽራቸውን አውልቀው «መምህር ማዕረግ፣ የቀረበብህን ሂስ ትቀበላለህ?» ብለው ቀና ሲሉ፣ ወንበሩ ላይ ቡናማው ኮት ብቻ ነበር።

ይስማው ሁለት እጁን ራሱ ላይ ጫነ። ሰውዬው ስለ መሹለኩ ከሚገመገምበት ግምገማ ሾለከ! እንዲህ ያለ ዓይን ያወጣ ነገር በአባቱም በአያቱም ዘመን አልተሰማም። ሰብሳቢው መላ ቢያጡ ኮቱን ለረጅም ጊዜ አፍጥጠው አዩትና «ዝምታው እንደ መቀበል ይመዝገብ» ብለው ስብሰባውን በተኑ።

ይስማው እንግዲህ ብልሃት ፈለገ። ታናሽ ወንድሙ ተስፋው ሲያገባ ማዕረግን አንደኛ ሚዜ አደረገው። ሚዜ አይሾልክም፤ ሚዜ ሙሽራ ይሸከማል፣ ሚዜ ከሙሽራው ጎን ቢነቀል ሠርጉ ይፈርሳል። ማዕረግ ሙሽራይቱን ተሸክሞ አስገባ፣ ዘፈን አወጣ፣ እስክስታ ወረደ። ይስማው በልቡ «ያዝሁት!» አለ። ያን ጊዜ ከወልድያ የመጣው ፎቶ አንሺ «ተጠጉ፣ አትነቃነቁ» አለና ብልጭ አደረገ። ፎቶው ዛሬም ከተስፋው ቤት ግድግዳ ላይ አለ፦ ሙሽራው ክንዱን ዘርግቶ ማንም በሌለበት በኩል ትከሻ አቅፎ ፈገግ ብሏል። የሙሽራይቱ እናት «ኧረ ይህ ሚዜ ሰው ነው?» ብለው አማተቡ። ይስማው ሦስት ቀን እህል አልቀመሰም።

ነገሩ እንዲህ ሲብስ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ሊጽፍበት ተነሣ። «መምህር ማዕረግ ከሥራ ገበታው...» ብሎ ጀመረና ብዕሩ ቆመ። ከሥራ ገበታው ሾልኮ አያውቅም። እንዲያውም ሌላው ከደወሉ በፊት ጠመኔውን ሲያራግፍ፣ ማዕረግ ደወል ከተደወለም በኋላ «አንዲት ነገር ብቻ!» እያለ ተማሪዎቹን ይይዛል፤ ቀጣዩ አስተማሪ በር ላይ ቆሞ ይቁለጨለጫል። ከማዕረግ ክፍል ሹልክ የሚሉት ተማሪዎቹ ናቸው። ይስማው ወረቀቱን ቀደደና «ጉድ እኮ ነው» አለ፤ ለራሱ።

አንድ ቀን የዞን ኢንስፔክተር መጥቶ ከይስማው ጋር ከአሥራ ሁለተኛ ክፍል ኋላ ተቀመጠ። የዚያን ቀን ቃል «አብስኮንድ» ነበረች። ማዕረግ ከሰሌዳው ላይ ጻፋትና እጁን አራገፈ።

«ይህች ቃል ዝም ብሎ መውጣት አይደለችም» አለ። «ኃላፊነት ወይም ጥፋት እያለብህ፣ ሰው እየፈለገህ፣ ተደብቀህ ስትጠፋ ነው። ገንዘብ ያዥ ሣጥኑን ይዞ ቢሰወር አብስኮንድ አደረገ ይባላል። እስረኛ ዋስ ጠርቶ ከፍርድ ቢቀር እንደዚያው። ዝንጀሮ ከማሳ ስትባረር ግን አይባልም፤ እሷ መጀመሪያውኑ ኃላፊነት የለባትም። እስቲ ዓረፍተ ነገር።»

የትምህርት ቤቱ ዘበኛ የቅጣው ልጅ ፅዮን ከፊት ወንበር ተነሣችና በጠራ እንግሊዝኛ «መምህራችን ከድግስ ሁሉ አብስኮንድ ያደርጋል» አለች። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ይስማው ኢንስፔክተሩን በጎን አይቶ ላቡ መጣ።

ማዕረግ ፍንክች አላለም። «ሰዋስውሽ እንከን የለውም፤ ቃሉን ግን ያለቦታው አስገባሽው። ከድግስ የወጣ ሰው ማንን በደለ? ለሌላው ሥጋ አተረፈ እንጂ። ሌላ ዓረፍተ ነገር!»

ኢንስፔክተሩ እንባው እስኪመጣ ሳቀ። ከደወል በኋላ የዚህን መምህር እጅ ልጨብጥ ብሎ ሲወጣ የጨበጠው ይስማውን ነው፤ ሌላ ሰው አልነበረም።

ሰቆጣ የተመደበ መምህር ሁሉ በየዓመቱ ዝውውር ይጠይቃል። ያልጠየቀ ሰው «ምን ደብቆ ነው?» ይባላል። ማዕረግም ጓደኞቹ ሲጠይቁ አብሮ ይጠይቅ ነበር፤ ይደርሰኛል ብሎ ያሰበ ግን አይመስልም። በ1992 ዓ.ም. ጥር ላይ ደረሰው። ጎጃም፣ ከእናቱ ቤት ሆኖ ደወሉ የሚሰማ ትምህርት ቤት።

ይስማው ስሙን በመምህራን ክፍል ሲያነብ ጭብጨባው ቀለጠ። ማዕረግ «የኔ ስም ነው?» አለ። እንደገናም «የኔ?» አለ። ከዚያ ይስማው በዕድሜው አይቶት የማያውቀውን ነገር አየ፤ ሰው ሁሉ ተነሥቶ ሲወጣ ማዕረግ ከወንበሩ ሳይነቃነቅ ብቻውን ቀረ።

ምትክ መምህር እስከ መስከረም እንደማይመጣ ይስማው ያውቃል። ማትሪኩ ደግሞ ግንቦት ላይ ነው። የቀረው መፍትሔ አንድ ነው፤ እሱም ራሱ ይስማው ነው። ፅዮንና ጓደኞቿ ያን ሁሉ ዓመት ለፍተው በመጨረሻ ወንዝና ተራራ ይዘው ማትሪክ ሊቀመጡ! ግን ዕድል የወጣለትን ሰው «እዚሁ ቅር» ማለት እንጀራውን መዝጋት ነው፤ ማንም አፍ አውጥቶ አይለውም። ማዕረግም «አልሄድም» አይል ነገር እናቱ «ልጄ መጣልኝ» ብላ ቤቷን አስመርጋ እየጠበቀችው ነው። ስለዚህ ሁሉም ደስ ያለው መሰለ።

«ደስ ብሎሃል አይደል?» አለ ይስማው፣ መልቀቂያው ላይ ማኅተም እያሳረፈ።

«በጣም። እርስዎስ ጋሽ ይስማው?»

«እኔማ! ተገላገልሁ!»

ሁለቱም ገና ያልደረቀውን ማኅተም ሲያዩ ቆዩ።

ሽኝቱ እሑድ በትምህርት ቤቱ አዳራሽ ሆነ። በግ ታረደ፣ ጠላ ተጠመቀ፣ መምህራኑ አዋጥተው ቀይ ጥለት ያለው ወፍራም ጋቢ ገዙ። ሥርዓቱ የታወቀ ነው፤ ሽማግሌ ይመርቃል፣ ጋቢው ይደረባል፣ ከዚያ በኋላ ሰውዬው መንገደኛ ነው። ጋቢ የለበሰ ሰው በማግስቱ ሰቆጣ ውስጥ ቢታይ «ምን ረስቶ ነው?» ተብሎ መሳቂያ ይሆናል።

ይስማው ቢያንስ ይህችን አንዲት ነገር በሥርዓት ሊፈጽም ቆርጦ ነበር። ማዕረግን ከግድግዳ አስጠግቶ በሁለት ወፋፍራም የሒሳብ መምህራን መካከል ሰነገው። ኮቱን አስወለቀና ቢሮው ቆለፈበት። በር ላይ ዘበኛውን ቅጣውን ከነዱላው አቆመ። «ቅጣው፣ ዝንብ እንዳይወጣ!» አለው። «ኧረ ምን በወጣው ጋሼ» አለ ቅጣው።

ንግግር ተደረገ። ይስማው ራሱ ተነሥቶ «ዛሬ... ዛሬ እንግዲህ...» አለና ሳል ያዘኝ ብሎ ተቀመጠ። ማዕረግ አንገቱን ደፍቷል፣ ከቀረበለት ሥጋ አንዲት ጉርሻ አልነካም። ከዚያ አያ ወልደ ኢየሱስ ጋቢውን ዘርግተው ቆሙ። «ተነሡ፣ እንጸልይ» አሉ። ጉባኤው ሁሉ ተነሥቶ፣ ራሱን ዝቅ አድርጎ፣ «አቡነ ዘበሰማያት» አለ። ሽማግሌው የዚያን ቀን ጸሎት አረዘሙ፤ ስለ ዝናቡ፣ ስለ ሰላሙ፣ ስለ ከብቱ፣ ከዚያ ደግሞ ተመልሰው ስለ ዝናቡ ለመኑ። «አሜን» ተባለና ሁሉም ቀና አለ።

በሁለቱ ወፋፍራም መምህራን መካከል አየር ብቻ ነበር።

ጋቢው በአያ ወልደ ኢየሱስ እጅ እንደተዘረጋ ነው። ከስንቱ ሲሾልክ ያየው ሰው ከጸሎት መካከል፣ ከገዛ ሽኝቱ ሾለከ! ይስማው ወደ በሩ ዘለለ።

«ቅጣው! በየት ወጣ?»

«ዓይኔን ጨፍኜ ነበር ጋሼ፤ ጸሎት አይደለም ወይ?»

ማዕረግ በተከራየበት ቤትም አልነበረም። የቤቱ ባለቤት ወይዘሮ ቦሰና የታሠረውን ሻንጣ እያሳዩ «ከጠዋት ወዲህ አላየሁትም ልጄ» አሉ። ጎሕ ሲቀድ ይስማው ጋቢውን ታቅፎ የወልድያው አውቶቡስ ወደሚነሣበት ወረደ። ሳይመረቅ እንዳይሄድ፣ በመስኮትም ቢሆን ሊወረውርለት ነው። ተሳፋሪውን አንድ በአንድ አየ። ከወንበር ሥር ሳይቀር ጎንበስ ብሎ ፈለገ። አውቶቡሱ አቧራውን ለቆበት ሄደ፤ ማዕረግ የለም። በእግሩ ሄደ ማለት ነው፣ ያለ ስንቅ፣ ያለ ምርቃት! ይስማው እዚያው አቧራው ውስጥ ቆሞ አለቀሰ፤ የለም፣ አላለቀሰም፣ አቧራው ነው ብሏል።

ትምህርት ቤት የደረሰው ደወል ካለፈ በኋላ ነው። የአሥራ ሁለተኛ ክፍልን መምህር አልባ ጫጫታ ለመጋፈጥ ራሱን አዘጋጅቶ ሲቀርብ ክፍሉ ጸጥ ብሏል። በሩን ገፋ።

ማዕረግ ሰሌዳው ፊት ቆሟል። ኮቱ ቢሮ ተቆልፎበታልና በሸሚዝ ብቻ፣ ጸጉሩ ላይ ገለባ ተሰክቶ።

«አንተ!» አለ ይስማው።

«እንደምን አደሩ ጋሽ ይስማው?»

«ተሸኝተህ! መልቀቂያ ተሰጥቶህ!»

«አልተሸኘሁም እኮ» አለ ማዕረግ በለሰለሰ ድምፅ። «አልተመረቅሁ፣ አልለበስሁ። ለእናቴም ይህንኑ ነው የምጽፍላት፤ አገሩ ገና አልሸኘኝም እላታለሁ። እሷም ያልተመረቀ መንገደኛ አትቀበልም።» ጠመኔውን በጣቶቹ አሽከረከረ። «እግሬ እንደለመደው ወጣሁ፣ ጋሽ ይስማው። አጥሩ ጋ ስደርስ ግን ከዚህ ሌላ የምሄድበት ጠፋኝ።»

ያን ጊዜ ይስማው በእጁ የያዘውን ሁሉም አየው። ማዕረግም አየውና ወደ ሰሌዳው አንድ እርምጃ አፈገፈገ። ፅዮን ከፊት ወንበር ብድግ አለች።

«ጋሼ» አለች፤ «እባክዎ እንዳያለብሱት።»

ይስማው ጋቢውን አየ፣ ልጅቷን አየ፣ ያንን ራሱ ላይ ገለባ የተሰካበት ዓይን አውጣ ሰውዬ አየ። ያን ሁሉ ዓመት ሲያስደነግጠው የኖረው ይህ ሰው በዚህ ዓለም ላይ ከሁሉ አብልጦ የሚወደው ባልደረባው መሆኑ ያን ጠዋት ገባውና፣ ይኸው ራሱ እንደ አዲስ አስደነገጠው። ጋቢውን ዘረጋ፤ በገዛ ትከሻው ላይ ደረበና ወጣ።

ግቢው ውስጥ ቅጣው ዱላውን ተደግፎ ይጠብቅ ነበር።

«ጋሼ፣ ይቅር ይበሉኝ። በሩን የከፈትሁለት እኔ ነኝ፤ ያደረውም እኔ ጎጆ ነው። ልጄ ማትሪክ አለባት።»

የጥር ፀሐይ ድንጋዩን ማጋል ጀምራለች፤ ከክፍሉ የማዕረግ ድምፅና የተማሪዎቹ መልስ ይሰማል።

«ታዲያ ጋቢውን ምነው እርስዎ ለበሱት? በዚህ ፀሐይ?»

«በርዶኛል!» አለ ይስማው፣ ላቡንም እንባውንም በጋቢው ጫፍ እየጠረገ።